ሁለት ዓይነት ሪፖርት አትጻፉ

በበጎ አድራጎት ድርጅት ሥራ ለጀመራችሁ፣ በውጭ አገር ሆናችሁም ለትውልድ ቀያችሁ ገንዘብ ለምታሰባስቡ ልጆቼ፦

በዚህ ሙያ አብዛኛው ጥፋት የሚመነጨው ከአንድ ልማድ ነው። ለለጋሹ «ፕሮጀክቱን ማኅበረሰቡ ራሱ መረጠው» ብለን እንጽፋለን፤ ለመንደሩ ደግሞ «ለጋሹ የፈቀደው ይህን ብቻ ነው» እንላለን። ቀድሞ ሁለቱ ወገኖች ስለማይገናኙ ነገሩ ተሸፋፍኖ ያልፍ ነበር። ዛሬ ቨርጂኒያ ያለው ለጋሽ የአክስቱ ልጅ እዚያው ቀበሌ ትኖራለች፤ ፓምፑ መቆሙን ከእናንተ ሪፖርት በፊት በቴሌግራም ፎቶ ትልክለታለች። ስለዚህ ለለጋሽ ያዘጋጃችሁትን ሪፖርት በመንደሩ ጉባኤ ፊት ቆማችሁ ለማንበብ ካልደፈራችሁ፣ አትላኩት።

በሪፖርት ቅጹ ላይ «የተጠቃሚዎች ብዛት» የሚለውን ሣጥን እንውሰድ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር ውኃ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነበር። ለአንድ የእጅ ፓምፕ 500 ተጠቃሚ ብላችሁ ከሞላችሁ፣ ፓምፑ በቀን 12,500 ሊትር መስጠት አለበት። በሰዓት 900 ሊትር ያህል ቢያወጣ ወደ 14 ሰዓት ያለ ዕረፍት መቀዳት አለበት ማለት ነው። እናቶች በሌሊት ተነሥተው ወረፋ የሚይዙት እንዲህ ባለው ቦታ ነው። መንደርተኛው ይህን ሒሳብ በጀሪካን ያውቀዋል፤ ያልሰማው ለጋሹ ብቻ ነው። 250 ብላችሁ ጻፉና ምክንያቱን በሁለት መስመር አስረዱ፤ 7 ሰዓት ግድም ይሆናል፣ ይህ ሰው የሚችለው ነው። ቁጥሩ አነሰ ብሎ የሚሸሽ ለጋሽ ካለ፣ ፓምፑ በሁለተኛው ዓመት ተበላሽቶ ከመጣላት አሁን መለያየት ይቀላል።

የፍላጎት ዳሰሳ፣ ማለት ሰው የሚቸገርበትን የምታጣሩበት ጥናት፣ ገና መጠይቁ ሳይወጣ በቀን አመራረጥ ይበላሻል። በገበያ ቀን ከጠራችሁ ሴቶቹ የሉም። በደጋው ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ የሚመጣላችሁ ሥራ ፈት ወይም የቀበሌ ተመራጭ ነው። ሙስሊም ወገኖች በሚበዙበት አካባቢ የዓርብ ቀትር አይነካም። ክርስቲያን በሚበዛበት ገጠር ደግሞ በሬ በማይጠመድባቸው ወርኃዊ በዓላት፣ ለምሳሌ በ12 ወይም በ21፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ይገኛል። ቦረና በድርቅ ወራት ከሄዳችሁ ጎልማሳው ከብቱን ይዞ ፎራ፣ ማለት ወደ ሩቅ ግጦሽ፣ ወጥቷል፤ ዋራ፣ ማለት በመንደሩ፣ የቀሩትን ሽማግሌዎችና እናቶች አነጋግራችሁ «የአርብቶ አደሩ ፍላጎት» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ስለ ግጦሽ የሚያውቀውን ግማሽ ሰው ዘልላችኋል።

አንድ የውይይት ቡድን ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃዋል። ሴቶች ለብቻ ይቀመጡ፤ ጠያቂዋም ሴት ትሁን። አስተርጓሚውን ሊቀ መንበሩ እንዲመርጥላችሁ አትፍቀዱ፤ ቅሬታ በእርሱ አፍ ሲያልፍ ምስጋና ሆኖ ይወጣል። «ምን ያስፈልጋችኋል?» የሚለውን ጥያቄም ተዉት። መልሱ መኪናችሁ በር ላይ ተጽፏል፤ የውኃ ድርጅት ከሆናችሁ ውኃ፣ የትምህርት ከሆናችሁ ትምህርት ቤት ይሏችኋል። ሰው ሞኝ አይደለም። ይልቅ «ባለፈው ክረምት ምን አስቸገራችሁ? ምንስ አደረጋችሁ?» በሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ደቦውን፣ እቁቡን፣ ከዘመድ የተበደሩትን ሁሉ ያወጣዋል፤ ፕሮጀክታችሁ መግባት ያለበት እዚያ ላይ ነው።

እድር ለሥራችሁ ትልቅ በር ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መዝገቡ ከብዙ ድርጅት መዝገብ ይበልጥ የታመነ ነው። ነገር ግን እድር የሚያውቀው መዋጮ የሚከፍለውን ነው። ወርኃዊውን አጥቶ የተሰረዘ፣ በቅርብ የመጣ ተከራይ፣ የቤት ሠራተኛ በመዝገቡ የሉም። ለጸሐፊው «ባለፉት ሦስት ዓመታት መዋጮ አቅቶት የወጣ ማነው?» በሉት፤ ከሁሉ የቸገረው ሰው ዝርዝር እዚያ ላይ ነው። ማኅበራዊ መገለልም አለ። በከፋ የማንጃ ወገኖች፣ በሌሎችም አካባቢዎች ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ለዘመናት ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ ተደርገዋል። ጉባኤ ጠርታችሁ ሁሉም መጣ ስትሉ፣ እነርሱ ከዛፉ ጥላ ውጪ ቆመው ይሆናል። ቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ መጀመሪያም ሄዳችሁ ቡናቸውን ጠጡ። ይህን ሳያደርግ ስለ አካታችነት የሚጽፍ ባለሙያ ወረቀቱን ቢያጥፍ ይሻላል።

ስለ አበል አጭር ቃል ልበል። አበል የተከፈለበት ስብሰባ ሁሉ ይስማማል። በሌላ በኩል የቀን ሠራተኛን ግማሽ ቀን ወስዶ በባዶ እጅ መሸኘት ግፍ ነው፤ ያውም እኛ ለዚያው ቀን አበል ፈርመን እየተቀበልን። የቀረበትን የቀን ገቢና ትራንስፖርቱን የሚሸፍን አንድ ተመን ለሁሉም አውጡ፤ ተመኑን ከስብሰባው በፊት አሳውቁ፤ ለሊቀ መንበሩ የተለየ ፖስታ አይኑር።

የበጀቱ ጉዳይ ሰፋ ይላል። የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 አስተዳደራዊ ወጪን በ30 በመቶ ገድቦ ሳለ ትርጉሙን እጅግ ስላሰፋው፣ ድርጅቶች ወጪ መደበቅን ተማሩ። እርሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርድም ትርጉሙን አጥብቦታል፤ የሚቆጠረው ከፕሮጀክቱ ጋር ያልተያያዘው፣ ድርጅቱን በሕይወት የሚያቆየው ወጪ ነው። የመደበቅ ልማዱ ግን አልለቀቀንም። የሒሳብ ሠራተኛዋን ደመወዝ «ሥልጠና» ውስጥ የሚሸጉጥ ፕሮፖዛል እስከ ኦዲት ድረስ ብቻ ይጓዛል። «መቶ በመቶ ለተረጂው ይደርሳል» ብላችሁ ገንዘብ አትለምኑ። ከ100 ብር ውስጥ 15ቱ ለኪራይ፣ ለሒሳብና ለኦዲት ይውላል፣ ኦዲት ባይኖር ደግሞ 85ቱም የት እንደገባ አታውቁም በሏቸው። ያን ማስረዳት የሚያፍር ድርጅት ለጋሹን እንደ ሕፃን ያያል።

ያንኑ ቁጥር መንደሩም ይየው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ሰሌዳ ሠርታችሁ ሰው በሚያልፍበት ትከሉ። ጠቅላላ በጀት፣ የገንዘቡ ምንጭ፣ ተቋራጩ፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የቅሬታ ስልክ በአካባቢው ቋንቋ ይጻፍበት። ስልኩን የሚያነሣው ደግሞ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ አይሁን፤ ቅሬታው ብዙ ጊዜ በእርሱ ላይ ነው። የመንደሩን ድርሻም በገንዘብ አስሉት። 60 አባወራ እያንዳንዱ 8 ቀን ቦይ ቢቆፍር 480 የሥራ ቀን ነው፤ የአካባቢው የቀን ዋጋ 300 ብር ከሆነ 144,000 ብር ይሆናል። ይህ በበጀቱ ሰንጠረዥ ላይ ከውጭው ለጋሽ ጋር በአንድ ረድፍ ይቀመጥ። በምረቃው ድንጋይ ላይ የለጋሹ ስም ብቻ ከተቀረጸ፣ ቦይ የቆፈረው ሰው ፓምፑ ሲሰበር «የእነርሱ ነው፣ ይምጡና ይጠግኑት» ይላል። ልክም ነው።

አሁን ወደ ዳያስፖራው። በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዳያስፖራ ትረስት ፈንድ ሲታሰብ ጥሪው በቀን አንድ ዶላር ነበር። ከሐሳቡ የምወድለት ትንሹን ሰጪ ከትልቁ እኩል ማየቱን ነው። ነርሷና ራይድ የሚነዳው በወር 30 ዶላር ሲልኩ፣ ደረሰኙ በሁለት ቀን፣ ዝርዝር ሪፖርቱ እንደ ትልቁ ለጋሽ በተመሳሳይ ቀን ይድረሳቸው። በአሜሪካ ለ250 ዶላርና ከዚያ በላይ ስጦታ ከግብር ለማስቀነስ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ በምትኩ ዕቃ ወይም አገልግሎት መስጠት አለመስጠታችሁንም መግለጽ አለበት። የ100 ዶላር የእራት ትኬት ስትሸጡ እራቱ 40 ዶላር የሚያወጣ ከሆነ የሚቀነሰው 60 ብቻ ነው፤ ክፍያው ከ75 ዶላር ካለፈ ይህን በጽሑፍ መንገር የእናንተ ግዴታ ነው። በአንድ ሰው የግል ሒሳብ የተሰበሰበ ደግሞ ምንም አይቀነስለትም። የተመዘገበው ማኅበር ቦርድ ገንዘቡን የት እንደሚያውል ራሱ ወስኖ መቆጣጠር አለበት፤ «እኛ አስተላላፊ ቱቦ ነን» ማለት ሕጉም አይቀበለውም።

ገልፍ አገራት ያሉ እህቶቻችንን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም ሆነ በሳዑዲ ዓረቢያ መዋጮ መሰብሰብ የሚችለው ፈቃድ ያለው አካል ብቻ ነው። በዋትስአፕ «አንቺ እዚያ ያሉትን አስተባብሪ» ብላችሁ የሾማችኋት ልጅ ልትታሰር ትችላለች። መልካም ፈቃዷን ለአደጋ አታጋልጡ።

አሜሪካ የተወለደው ልጅ ብዙ ጊዜ አማርኛ አያነብም፤ የወላጆቹን የክልል ወገንተኝነትም ላይጋራ ይችላል። እርሱን በባህል እራት ብቻ አትጥሩት። በጀቱን አሳዩት፣ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡት። ለሁሉም ሰጪ በቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ገንዘቡ ቢተርፍ ወይም ሥራው ባይሳካ ወዴት ይዛወር?» ይህ አንድ መስመር ባለመኖሩ የተበተነ የአገር ልጆች ማኅበር ብዙ ነው።

ፎቶ ስታነሡ ስምና ፊት አብረው አይውጡ። የፈቃድ ቅጹን ለምታነሧት ሴት በቋንቋዋ አንብቡላት፤ ፎቶው የሚታይበትን ገጽ በስልካችሁ አሳዩዋት፤ እንቢ ብትል ርዳታው እንደማይቀርባት ከፎቶው በፊት ንገሯት። ከአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ነው። የሚያለቅስ ሕፃን ፎቶ ገንዘብ ያመጣል፣ አልክድም። ያ ሕፃን አድጎ ስልክ ይይዛል።

የፕሮጀክቱን የመጨረሻ ቀን በመጀመሪያው ቀን ንገሩ። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀናት ሲያግድ፣ ገንዘቡ ከማን እንደሚመጣና እስከ መቼ እንደሆነ ለመንደሩ ያልነገረ ሠራተኛ ምን ብሎ ያስረዳል? «በላው» ነው የሚባለው። ከማለቁ ስድስት ወር ቀድማችሁ ርክክቡን ጀምሩ። የውኃ ኮሚቴው የባንክ ደብተር ሦስት ፈራሚ ይኑረው፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። የፓምፑ መለዋወጫ ጎማዎች ሁለት ሙሉ ስብስብ ተገዝተው ይቆለፍባቸው። ኮሚቴው እናንተ ቆማችሁ እያያችሁ፣ ሳትነኩ፣ ፓምፑን ራሱ ፈትቶ ይግጠም። የዕቃ አቅራቢውን ስልክ ቁጥር በቀለም በፓምፑ ቤት ግድግዳ ላይ ጻፉት፤ በወረቀት የሰጣችሁት ከሆነ ከገንዘብ ያዡ ኪስ ጋር ይታጠባል።