ስልኩ ይጠፋል ብላችሁ ተነሡ

ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት እህታችን ትናንት የጠየቀችውን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ትሠራለች። ሰባት ናቸው። ሁሉም በየራሱ ስልክ ነው የሚሠራው። ትዕዛዝ በቴሌግራም ይመጣል፣ ክፍያ በቴሌብርና በባንክ ይገባል፣ የደንበኛ መታወቂያና ደረሰኝ ፎቶ እየተነሣ ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ ስልኩን ባጃጅ ውስጥ ረስቶ ወረደ። ደግነቱ ባለባጃጁ አምጥቶ ሰጠው። የመደብሩ ባለቤት ግን ደንግጠው «ከእንግዲህ በሥራ ሰዓት ስልክ የሚባል ነገር የለም» አሉ። እሷ ደግሞ ያለ ስልክ ሥራው አይሄድም ባይ ናት። ምን ይሻላል ነው ጥያቄዋ። በዚያው ላይ፣ ሠራተኛ ሲለቅ ግሩፑን ምን እናድርገው ብላለች።

እህቴ፣ ልክ ነሽ። እሳቸውም መደንገጣቸው ልክ ነው። ግን መፍትሔው መከልከል አይደለም። ይህን የምለው ሞክረነው ስላየን ነው።

እኔ አዘዞ ውስጥ ባለ የእህል መጋዘን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰሊጡ ከመተማ በኩል ይመጣል። ሾፌሩ ገና ሳይነሣ የሚዛን ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ ይልካል። እኛ እዚህ ሆነን ቦታ እናዘጋጃለን፣ ጫኝና አውራጅ እንጠራለን፣ ሒሳቡን እንጀምራለን። ሁሉም በስልክ ነው። በ2014 ዓ.ም. የከተራ ዕለት የደረሰብንን ልንገራችሁ።

የሚዛን ሠራተኛችን ታቦታቱን አጅቦ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርድ ስልኩን ከኪሱ ወሰዱበት። የዚያን ቀኑን ሕዝብ ያየ ያውቀዋል፤ እጅን ወደ ኪስ ለመመለስ እንኳ ቦታ የለም። ልጁ ያዘነው ለስልኩ ነበር። ፓተርን ስላለው «መቼም አይከፍቱትም» ብሎ ተጽናና።

ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ላይ በእሱ ቴሌግራም ለዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛችን መልእክት ገባለት። «ወንድሜ ቸግሮኝ ነው። 8 ሺህ ብር በዚህ ቁጥር ላክልኝ። ነገ እመልሳለሁ።» ፎቶው የእሱ ነው። ስሙ የእሱ ነው። ከፍ ሲያደርገው ጠዋት የተጨዋወቱት ሳይቀር አለ። ላከለት። ሁለተኛው ሰው ግን እድሜያቸው ገፋ ያሉ የጥበቃ ሠራተኛችን ነበሩ። እሳቸው ጽሑፍ ስለማይወዱ ወደ ልጁ ሚስት ደወሉ። ነገሩ የታወቀው በዚያ ነው።

ሰዎቹ ስልኩን ሳይከፍቱ እንዴት ገቡ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። ከበዓሉ በኋላ ቢሮ ውስጥ በራሴ ስልክ ሞከርነው። ስልኬን ቆልፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ባልደረባዬ በሌላ ስልክ ቴሌግራም ከፍቶ የእኔን ቁጥር አስገባ። ሁለት ሰከንድ አልሞላም። የተቆለፈው ስልኬ ቦግ አለ። የመግቢያ ኮዱ፣ አምስቱም አኃዝ፣ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ማንም ጣቱን አልነካውም። ሲሙን ነቅሎ ሌላ ስልክ ላይ ማድረግም አለ፤ ያኔ ኮዱ በአጭር መልእክት እዚያው ይመጣል። ቁጥሩንም ለማወቅ ወደ ሌላ ስልክ አንዴ መደወል ይበቃል። ፓተርኑ የሚጠብቀው ስልኩን ብቻ ነው፤ ሲሙን አይጠብቅም። እንግዲህ ስንቶቻችን ነን በዚህ የተጽናናነው?

ያን ማታ ያዳነን አንድ አጋጣሚ ነው። ልጁ የሚዛን ወረቀት ፕሪንት ለማድረግ ቴሌግራሙን ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶት ነበር። በባጃጅ ወደ አዘዞ በረርን። በቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ቀድሞ የነበረውን ወዲያው ማባረር አይችልም፤ ሰዓታት መጠበቅ አለበት። ቀድሞ የነበረው ግን አዲሱን ማባረር ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተን የማናውቀውን ስልክ አስወጣነው። ግን ሲሙ አሁንም በእነሱ እጅ ነው። ተመልሰው ሊገቡ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ወዲያው «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚባለውን ሁለተኛውን የይለፍ ቃል አደረግንበት። ከዚያ በኋላ ኮዱ ቢደርሳቸውም አልገቡም።

ሌላው ራስ ምታት ሲሙ ነበር። ሲሙን ለማስዘጋትና በምትኩ ሌላ ለማውጣት ባለቤቱ ማንነቱን ማሳየት አለበት። ሲሙ የተመዘገበው በአጎቱ ስም ሆኖ ተገኘ። አጎቱ ደግሞ ገጠር ናቸው። እስኪመጡ ድረስ ቀናት ሄዱ። እባካችሁ ዛሬውኑ የሥራ ስልካችሁ ሲም በማን ስም እንደሆነ እዩ። በገዛ ስማችሁ ካልሆነ አዙሩት።

የጠፋው ገንዘብ 8 ሺህ ብር ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ግሩፑ ነበር። እዚያ ውስጥ የሁለት ዓመት የነጋዴዎች መታወቂያ፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የፊርማ ናሙና፣ የዋጋ ዝርዝር ተከምሯል። ሰው አምኖ የሰጠን ነው። ሌቦቹ ለዚያ ጊዜ አላገኙም እንጂ ሁሉም በእጃቸው ነበር።

ከዚያ የእኛም ሥራ አስኪያጅ እንደ እናንተው ባለቤት አሉ። ስልክ ተከለከለ። በር ላይ ካርቶን ተቀመጠ፤ ሁሉም እዚያ ያስቀምጣል። ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ሾፌሮች ደውለው አያገኙንም። አንድ መኪና ሙሉ ጭነት ይዞ ሌሊቱን በር ላይ አደረ፤ መምጣቱን የሰማ ሰው አልነበረም። ልጆቹም ሁለተኛ ስልክ በካልሲ እየደበቁ መጡ። በዚያ በተደበቀው ስልክ የሚሠራውን ሥራ ደግሞ ማን ይቆጣጠረዋል? ክልከላው በራሱ ጊዜ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ሥራችንን ያቃናነው በአንድ ሐሳብ ነው። ስልኩ አንድ ቀን ይጠፋል። ይሰረቃል፣ ይረሳል፣ ውኃ ውስጥ ይገባል። ሲጠፋ አብሮት የሚሄደው ነገር ትንሽ ይሁን።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አስፈልተን ሁላችንም ስልካችንን ይዘን ተቀመጥን። ለየብቻ አድርጉ ቢባል ማንም አያደርገውም፤ አብሮ ሲሆን ግን ያልቃል። መጀመሪያ ዝግ ስክሪን ላይ የመልእክት ይዘት እንዳይነበብ አደረግን። ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን የሚለው ጋ ነው ያለው። ቀጥሎ የሲም ፒን፣ ማለትም ሲሙ ሌላ ስልክ ላይ ሲገባ የሚጠይቀው የይለፍ ቁጥር። እዚህ ላይ አደራ፦ የሲሙን የመጀመሪያ ፒን ካላወቃችሁ አትገምቱ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ይቆለፍና ፐክ የሚባለውን ቁጥር ይጠይቃችኋል። ፐኩን አሥር ጊዜ የተሳሳተ ደግሞ ሲሙን ይቀብራል። ብዙ ጊዜ ሲሙ የመጣበት ካርድ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ካጣችሁት 994 ደውላችሁ ጠይቁ። ከዚያ የቴሌግራምና የዋትስአፕ ሁለተኛ የይለፍ ቃል። በመጨረሻ *#06# ደውለን የየስልኩን መለያ ቁጥር ደብተር ላይ ጻፍን። ፖሊስ ጋ ስትሄዱ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሜሞሪ ካርድ ያላችሁ ደግሞ የሥራ ፎቶ እዚያ ላይ አታስቀምጡ። ስልኩ ቢቆለፍም ካርዱ ተነቅሎ የትም ይነበባል። ስልክ ለጥገና ስትሰጡም ሲሙንና ካርዱን አውጡ። ጠጋኙ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ የደንበኛችሁ መታወቂያ እሱ ጋ ምን ይሠራል?

ግሩፑን አጸዳነው። አሁን የሚለጠፈው ነገር ከአንድ ወር በኋላ ራሱ እንዲጠፋ ተደርጓል፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል። የሚቀመጥ ሰነድ ካለ በየቀኑ ማታ ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ይወርዳል። የመታወቂያ ፎቶ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ቀርቷል፤ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ ይላካል። ፎቶዎቹ ጋለሪ ውስጥ ራሳቸው እንዳይገቡም አጥፍተነዋል። የሠራተኞቹ ልጆች በስልኩ ሲጫወቱ የነጋዴ ፊርማ ማየት የለባቸውም። ይህን ለባለቤቱ ስትነግሪያቸው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደወጣም ጨምሪላቸው። የደንበኛ መረጃ መያዝ ኃላፊነት አለው።

ክፍያን በተመለከተ፣ በሠራተኛ የግል ቁጥር ገንዘብ መቀበል አቁሙ። በድርጅቱ ስም ይሁን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደንበኛው የሚያሳያችሁን ስክሪንሾት አትመኑ። ስክሪንሾት በደቂቃ ይሠራል። በባንክ ስም የሚመጣ አጭር መልእክትም ሊመሰል ይችላል። ሲሚንቶው ከመጫኑ በፊት ገንዘቡ መግባቱን በራሳችሁ ሒሳብ ላይ እዩ፤ የግብይት ቁጥሩን አመሳክሩ። ደንበኛው «አታምኑኝም ወይ?» ብሎ ቢቆጣ እኛ «የቤቱ ሥርዓት ነው ጌታዬ» እንላለን። እስካሁን በዚህ ምክንያት ያጣነው ደንበኛ የለም።

መተግበሪያ በዜንደር፣ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል በሚያስተላልፈው፣ መቀባበልም አለ። እዚህ ክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ሁላችንም የለመድነው ነገር ነው፤ አማራጭ አልነበረም። አሁን ግን የባንክና የቴሌብር መተግበሪያን ከፕሌይ ስቶር ብቻ አውርዱ። ከሰው የተቀበላችሁት ካለ አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑ። በቴሌግራም «አዲሱ የባንኩ መተግበሪያ» ተብሎ የሚላክን ፋይል በፍጹም አትንኩ።

የካፌና የሆቴል ዋይፋይን ሰው ከሚገባው በላይ ይፈራዋል ባይ ነኝ። የባንክ መተግበሪያዎች መልእክታቸውን መሥጥረው ነው የሚልኩት። ከዋይፋዩ ይልቅ ከኋላችሁ ተቀምጦ ፒን ስትነኩ የሚያየውን ሰው ፍሩ። «ከባንኩ ነው የምንደውለው፣ የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩን» የሚለውንም። ባንክ ኮድ በስልክ አይጠይቅም።

ስልክ ሲጠፋ የሚደረገውንም በአንድ ወረቀት ጽፈን ሰሌዳ ላይ ለጥፈናል። መጀመሪያ ለሥራ አስኪያጁ መንገር፤ የሚቆጣም የሚቀጣም የለም ተብሎ ተጽፏል። ይህ ቃል ቀላል እንዳይመስላችሁ። የእኛ ልጅ አለቃውን ፈርቶ ሦስት ሰዓት ያህል ዝም ባይል ኖሮ 8 ሺህ ብሩ አይሄድም ነበር። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ቴሌግራም የጠፋውን ስልክ ማስወጣት፣ 994 ደውሎ ሲሙን ማስዘጋት፣ ለቴሌብር 127፣ ለየባንኩም መደወል። በመጨረሻ በጉግል አካውንቱ ገብቶ ስልኩን ከርቀት መቆለፍ ወይም ማጽዳት። ይህ የሚሠራው ግን ስልኩ ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው፤ ስለዚህ በእሱ ብቻ አትመኩ።

ባለቤቱን አንድ ነገር ለምኝልኝ። ልጆቹን ፒናችሁን ስጡኝ እንዳይሏቸው፣ ስልካቸውንም ከፍተው እንዳያዩ። ስልኩ የልጁ ነው፣ ውስጡ ሚስቱና እናቱ አሉ። የሚቆጣጠሩት ነገር ከፈለጉ ድርጅቱ አንድ ስልክ ይግዛ። እኛ መካከለኛ ቴክኖ ገዝተን ሲሙን በድርጅቱ ስም አውጥተናል። የደንበኛ ትዕዛዝ ሁሉ ወደዚያ ነው የሚመጣው። ማታ ካዝና ውስጥ ይቆለፋል። ሰባት ስልክ ከመጠበቅ አንድ መጠበቅ ይቀላል።

ስለሚለቅ ሠራተኛ የጠየቅሽው ይቀራል። ከግሩፑ ማስወጣት ቀላል ነው። ችግሩ የግሩፑ ባለቤት ራሱ የሚለቀው ሰው ሲሆን ነው። ከዚያ ቅዳሜ በፊት፣ የእኛን ግሩፕ የከፈተችው ልጅ ባሕር ዳር ሥራ አግኝታ ስትሄድ በመጨረሻው ቀን ባለቤትነቱን ልታስተላልፍ ሞከረች፤ ቴሌግራም እንቢ አለ። ለማስተላለፍ ሁለተኛው የይለፍ ቃል ከተደረገ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊሞላው ይገባል። እሷ ያን ዕለት ነው ያደረገችው። ደግ ልጅ ስለሆነች በሳምንቱ ባሕር ዳር ሆና ጨረሰችልን። የእናንተን ግሩፕ ማን እንደከፈተው ነገ ጠዋት እዪ፤ ከሠራተኞቹ አንዱ ከሆነ እዚያው የይለፍ ቃሉን አድርጎ ሳምንቱን መቁጠር ይጀምር።