ሲጂ 125 ሞተርን 1 ለ 3 አሳንሶ መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያና ከአካባቢው የመጡ ናቸው። ሁሉም ስለ አንድ ሥራ ነው፦ የሞተር ሳይክልን ሞተር ከካንዴላው እስከ ትንሿ ብሎን ድረስ አሳንሶ ለእይታ የሚቀመጥ ሞዴል መሥራት። ቤንዚን አይነድበትም፤ ከፈለጋችሁ ግን ፒስተኑ ይንቀሳቀሳል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ አያ፣ የመጀመሪያ ሞዴሌ ነው። የምወደው ባለ አራት ሲሊንደሩን ሆንዳ ሲቢ 750 ነው። በእሱ ብጀምር ምን አለበት?

መልስ፦ ውደደው፣ ግን በእሱ አትጀምር። ሲቢ 750 እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣ 736 ሲሲ ሞተር ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ አራት ካርቡራተር፣ አራት የጭስ ቱቦ አለው። አንዱን ክፍል በደንብ ሠርተህ ስትጨርስ ገና ሦስት ይቀርሃል፤ ጀማሪን ሥራውን የሚያስተወው ይህ ድግግሞሽ ነው። የጃፓኑ ታሚያ ይህንኑ ሞተር ሳይክል በ1 ለ 6 የሚገጣጠም የፕላስቲክ ሞዴል አድርጎ አውጥቶታል፤ ከውጭ የሚያመጣልህ ዘመድ ካለ ጥሩ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ከጥሬ ዕቃ ስለመሥራት ነው።

ለዚህ የሆንዳ ሲጂ 125 ዓይነት ይሻላል። አንድ ሲሊንደር ነው፤ ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው በፑሽሮድ (በሚገፋ ቀጭን ዘንግ) ስለሆነ የካም ካቴና (ቫልቮላ የሚያስከፍተውን ባለ ጉብታ ዘንግ፣ ካሙን፣ የሚያዞር ሰንሰለት) የለውም፤ የቻይና ቅጂዎቹም በየጋራዡ ስላሉ እጅህን አስረዝመህ ትለካዋለህ። የሲሊንደሩ ውስጣዊ ስፋት 56.5 ሚ.ሜ.፣ የፒስተኑ ጉዞ 49.5 ሚ.ሜ. ነው። ለ3 ሲካፈል 18.8 እና 16.5 ይሆናል። ግን ከማካፈልህ በፊት ሞተሩ ላይ የተቀረጸውን መለያ አንብብ፦ 156ኤፍኤምአይ ከሆነ ባለ 125ው ነው፤ 162ኤፍኤምጄ ከሆነ ባለ 150 ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 62 ሚ.ሜ. ስለሆነ ልኬቱ ሌላ ነው።

1 ለ 3 የምመክረው በብሎኑ ምክንያት ነው። እውነተኛው ሞተር ላይ ብዙው ብሎን ባለ 6 ሚ.ሜ. ነው፤ ለ3 ሲካፈል ባለ 2 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ ይኼ ደግሞ ከተበላሸ ላፕቶፕ በእፍኝ ይገኛል። በ1 ለ 6 ብትሠራ ባለ 1 ሚ.ሜ. ብሎን ልትፈልግ ነው።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ኢንተርኔት ላይ ያገኘኋቸው ስዕሎች እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። ልኬቱን ከየት ላምጣ?

መልስ፦ ስዕሉን ተወውና ሞተሩን ራሱን ለካ። ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት በሚ.ሜ. የሚለካ መሣሪያ) ይዘህ የተፈታ ሞተር ያለበት ጋራዥ ሂድና መጀመሪያ የብሎን ቀዳዳዎቹን መሃል ለመሃል ለካ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይነሳል። ቀዳዳ ላይ መሃሉን በዓይን መገመት አያዋጣም። ከአንዱ ቀዳዳ የውጭ ጠርዝ እስከ ሌላው የውጭ ጠርዝ ለክተህ የአንዱን ቀዳዳ ስፋት ቀንስ፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች እኩል ከሆኑ ቀሪው ትክክለኛው የመሃል ርቀት ነው።

ፎቶ ስታነሳ ስልኩን ሞተሩ ላይ አትደግነው። በቅርብ ሲነሳ ወደ ስልኩ የቀረበው ክፍል ገዝፎ፣ የራቀው አንሶ ይወጣል። ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ብለህ በዙም አንሳ፤ ማስመሪያም ከምታነሳው ፊት ጋር በእኩል ጥልቀት ለጥፍ። ፎቶኮፒ ቤት በ33 በመቶ ማሳነስም ይቻላል፤ ነገር ግን 33 በመቶ አንድ ሦስተኛ አይደለም፤ 150 ሚ.ሜ. የነበረው መስመር 50 መሆን ሲገባው 49.5 ይወጣል። ስለዚህ ከኮፒው ላይ የቅርጹን ጠመዝማዛ ብቻ ውሰድ፤ ቁጥሩን አስልተህ አግኝ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የሲሊንደሩን የማቀዝቀዣ ክንፎች ከ3 ሚ.ሜ. የማስታወቂያ ፒቪሲ ቆረጥኳቸው። ቅርጹ ልክ ነው፤ ሳየው ግን መጫወቻ ይመስላል። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ውፍረቱ ነው። 3 ሚ.ሜ. ማለት በእውነተኛው ሞተር 9 ሚ.ሜ. የሆነ ክንፍ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ክንፍ ደግሞ የለም። የክንፉን ጠርዝ በካሊፐር ያዘው፤ 2 ሚ.ሜ. አካባቢ ከሆነ የአንተ ክንፍ 0.7 ገደማ ይሆናል። ሰው ሞዴል አይቶ «ይኼማ እውነተኛ ነው» ወይም «አሻንጉሊት ነው» የሚለው ከምንም በላይ በጠርዝ ውፍረት ነው። ይህን ክፍል አትቸኩልበት።

ለዚህ ውፍረት የሚሆኑ ሁለት ነገሮች በነፃ ማለት ይቻላል ይገኛሉ። አንደኛው ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ነው፤ ውፍረቱ 0.76 ሚ.ሜ. ነው። ቁጥሩ ወደ ላይ ያላበጠውን ለስላሳውን ምረጥ። ሁለተኛው ማተሚያ ቤቶች ተጠቅመው የሚጥሉት የኦፍሴት አሉሚኒየም ፕሌት ነው። 0.3 የሆነውን ፈልግ፤ ሁለቱን በስስ ኢፖክሲ አጣብቀህ በጠፍጣፋ መስታወት ሥር ካሳደርከው 0.65 አካባቢ ይመጣል። ቀለሙን በአኳራጅ አጥበህ በ320 ብርጭቆ ወረቀት ሳታሻክረው ብታጣብቀው ግን ይላቀቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክንፎቹን ከሚፈለገው በ1 ሚ.ሜ. አስፍተህ በጥሬው ቁረጥ። የሞተሩ አራት ረጃጅም ብሎኖች በሚያልፉበት ቦታ 2.4 ሚ.ሜ. ቀዳዳ በሁሉም ላይ ብሳ። የብስክሌት ቸርኬ ሽቦ አስገባባቸው፤ ሽቦው 2 ሚ.ሜ. ነው፣ ጫፉም ጥርስ ስላለው በራሱ ዳዶ ይታሰራል። ቁልሉን በሁለት ጠንካራ እንጨት መሃል አድርገህ ሞርሳ ላይ አጥብቅና ሁሉንም በአንድ ላይ ሞርድ። አንድ በአንድ ከሞረድካቸው አንዳቸውም እኩል አይወጡም። የመሃሉን ትልቅ ቀዳዳ በትራፓኖ አትሞክር፤ ስስ አሉሚኒየም ይቀደዳል። አንጥረኞች በሚጠቀሙበት ስስ መጋዝ አውጥተህ በክብ ሞረድ ጨርስ።

በክንፍና በክንፍ መሃል የሚገባው ማራራቂያ ላይ ተጠንቀቅ። እያንዳንዱ በ0.1 ሚ.ሜ. ቢወፍር በአሥሩ 1 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ በእውነተኛው 3 ሚ.ሜ. ማለት ነው፤ ያኔ ፑሽሮዱም ቴስታታውም (የሲሊንደሩ የላይ ክዳን) አይገጥሙም። በየአምስቱ ክንፍ ቁመቱን ለካ። በመጨረሻ የእያንዳንዱን ክንፍ ጠርዝ በ400 ወረቀት ለስለስ አድርግ፤ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ሹል ጠርዝ የለውም።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ እኔ ደግሞ የታችኛውን ሳጥን ከነጭ ፎም ቀርጬ የመኪና ስቱኮ ስቀባው ፎሙ ቀለጠ።

መልስ፦ አብሽሪ እታለም፣ የእጅሽ ጥፋት አይደለም። ነጩ ፎም ፖሊስታይሪን ነው፤ ስቱኮው ውስጥ ያለው ስታይሪን ይበላዋል። የናይትሮ ቀለም ማቅጠኛም እንዲሁ ያደርገዋል። በደንብ የደረቀ ዋንዛ ፈልጊ፤ ለመቅረጽ ይመቻል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅና ስለሚጣመም ለዚህ አይሆንም።

እውነተኛው ሳጥን ከግራና ከቀኝ ግማሽ የተጋጠመ ስለሆነ አንቺም ከሁለት እንጨት ሥሪው። ሁለቱን እንጨቶች በመሃላቸው ጋዜጣ አድርገሽ በእንጨት ኮላ አጣብቂ፣ እንደ አንድ ቅረጪው፣ ከዚያ በስስ ቢላ ወረቀቱ ላይ ለይው። ሁለቱ ግማሾች በትክክል የሚገጥሙ ይሆናሉ። መልሰሽ ስታጋጥሚያቸው ለጓርኒሲዮኑ (በመሃላቸው ለሚገባው ማሸጊያ) ሁለት ቅጠል የማተሚያ ወረቀት አስገቢ፤ 0.2 ሚ.ሜ. ገደማ ነው፤ ጠርዙም በጣም ትንሽ ወጣ ብሎ ይታይ።

የውስጥ ማዕዘኖቹን እንዳትረሺ። በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም የውስጥ ማዕዘኑ ሁልጊዜ ክብ ነው። ስቱኮ አድርጊና ጫፉ በተድቦለቦለ ምስማር ጎትተሽ አስተካክዪው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ፒስተኑ እንዲንቀሳቀስ እፈልጋለሁ። ሲሊንደሩን ከምን ልሥራው?

መልስ፦ ከ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ። የውስጡ ስፋት እንደ ፋብሪካው 19 እና 20 ሚ.ሜ. መሃል ነው፤ ለ18.8 ይቀርባል፤ ግልጽ ስለሆነም ፒስተኑን ያሳያል። ፋርማሲ ስትገዛ ካሊፐሩን ይዘህ ሂድና ወደ 19 የሚቀርበውን ምረጥ። አንድ ነገር ግን እወቅ፦ ሲሪንጅ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ሱፐር ግሉም ኢፖክሲም አይዘውም። ዛሬ የያዘ ይመስልና ሲነካ ይወልቃል። ስለዚህ አታጣብቀው፤ ከታች በሳጥኑ፣ ከላይ በቴስታታው ተጨምቆ እንዲቆም ክብ ማስቀመጫ ቦይ ቆፍርለት። ስትቆርጠውም በጋለ ቢላ ሳይሆን በስስ መጋዝ ይሁን።

ፒስተኑን ቶርኖ ቤት ከአሉሚኒየም አስወጣው፤ ከሲሪንጁ የውስጥ ስፋት በ0.2 ሚ.ሜ. ይነስ። ሦስት የቀለበት ቦይ ይኑረው፦ ሁለቱ ለኮምፕሬሽን፣ የታችኛው ለዘይት። የሲሪንጁን ጎማ አትጠቀም፤ ሲንቀሳቀስ እየያዘ ይዘላል።

ክራንኩ (ከፒስተኑ ጋር ተያይዞ የሚዞረው ዘንግ) ላይ የፒኑ ርቀት ከመሃሉ 8.25 ሚ.ሜ. ነው፤ የጉዞው ግማሽ ማለት ነው። ሁለቱን ክብ ጎኖች አንድ ላይ አስረህ በአንድ ጊዜ ብሳ። ለየብቻ ከተበሱ ፒኑ ያጋድልና በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ይይዛል፤ «ለምን ይከብዳል?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ይኼ ነው። ቢዬላውንም (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) መሃል ለመሃል ለክተህ ሥራ፤ 1 ሚ.ሜ. ቢረዝም ፒስተኑ ቴስታታውን ይመታል።

ካሙ ክራንኩ ሁለት ሲዞር አንድ ጊዜ ይዞራል። ከተበላሸ ፕሪንተር አንዱ የሌላው እጥፍ ጥርስ ያላቸውን ሁለት ጊሮች ፈልግ፣ ለምሳሌ 18 እና 36፤ የጥርሳቸው መጠን ግን አንድ ዓይነት ይሁን። በዚህ ሞተር ካሙ ላይ ያለው አንድ ጉብታ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ፑሽሮዶች በየተራ የሚገፋው እሱ ነው። ለሞዴል ሠሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ስትገጥመው ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ደርሶ የጭሱ ቫልቮላ ሊዘጋ፣ የማስገቢያው ሊከፈት ሲል አስተካክለው። የምታዞርበት ትንሽ ሞተር በደቂቃ 30 ዙር ይበቃዋል፤ ከ60 ካለፈ ዓይን የቫልቮላውን ሥራ አይከተለውም።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ፒያሳ)፦ አያ፣ ክረምት ላይ የረጨሁት ጥቁር ቀለም ነጭ ጭጋግ ለበሰ። ቀለሙ ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ቀለሙን አትጠርጥር፤ አየሩ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቱም ጭጋግና ብርድ ነው። የቀለሙ ማቅጠኛ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ ያኔ የአየሩ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ቀለሙ ላይ ያርፍና ነጭ ይሆናል። ጭጋጉ ከተገለጠ በኋላ፣ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ እርጭ። ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆየው፤ እሳት ዳር ፈጽሞ አታስጠጋው፤ ይፈነዳል። የነጣውን ለማዳን ደረቅ ቀን ጠብቀህ ቀስ ብሎ የሚተን ማቅጠኛ በስሱ ንፋበት፤ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ኢፖክሲም በደሴ ሌሊት ብርድ ቶሎ አይደርቅም፤ ቤት ውስጥ አሳድረው። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለሆነች እዚያ ያሉት ይህ ችግር ብዙም አይገጥማቸውም።

ከሁሉ በላይ ቀለም አታብዛ። 0.1 ሚ.ሜ. ቀለም በ1 ለ 3 ላይ የ0.3 ሚ.ሜ. ያህል ነው፤ በስንት ድካም ያሳሳኸውን ጠርዝ መልሶ ያወፍረዋል።

ጥያቄ (ከመካነ ሰላም)፦ ሁሉንም በብር ቀለም ቀባሁት። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። እውነተኛውን ሞተር በቀን ብርሃን እየው፦ ሲሊንደሩ ደብዛዛና ጠቆር ያለ፣ የጎን ክዳኖቹ የሚያበሩ፣ ብሎኖቹ ወደ ቢጫ የሚያደሉ ናቸው። ቢያንስ ሦስት ዓይነት ብር ያስፈልግሃል። ለሚያበራው ከሥር የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቀባ፤ ለደብዛዛው ብሩ ላይ ጥቂት ግራጫ ጨምር። የጭስ ቱቦው ላይ ለቴስታታው የቀረበው ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ የገለባ ቀለም ይሁን፤ ብረት ከ220 እስከ 300 ዲግሪ ሲግል የሚያሳየው ቅደም ተከተል ነው፤ ይበልጥ የጋለው ሰማያዊው ነው።

ጥያቄ፦ ለካንዴላና ለሽቦዎቹስ?

መልስ፦ የካንዴላ ገመድ 7 ሚ.ሜ. ነው፤ 2.3 የሚሆን ጥቁር የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበቃል። ካንዴላው ጥርሱ 12፣ የቁልፍ መያዣው 18 ሚ.ሜ. ስለሆነ 4 እና 6 ይሆናል።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ በ3ዲ ፕሪንተር ሁሉንም ማውጣት አይቀልም?

መልስ፦ ለካርቡራተሩ አካል ይቀላል። ለክንፎቹ አይሆንም፤ የተለመደው ፕሪንተር የሚተወው የ0.2 ሚ.ሜ. መስመር በ0.7 ክንፍ ላይ ይታያል፤ በመሃሉ ገብተህም ማለስለስ አትችልም።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ የፊት ፒኞኑ (ካቴናውን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ክብ) ጥርሶች እኩል አልሆኑልኝም።

መልስ፦ ጥርሱን አትቁረጥ፤ በጥርሶቹ መሃል ያለውን ጎድጓዳ ብሳ። የ428 ካቴና ፒች (ከአንዱ ፒን መሃል እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) 12.7 ሚ.ሜ. ነው፤ ለ3 ሲካፈል 4.23። ለባለ 15 ጥርስ ፒኞን 20.4 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው ክብ አስምር፣ በየ24 ዲግሪው ምልክት አድርግና 15 ቀዳዳ በ2.8 መብሻ ብሳ። ተከታታዩን ሳይሆን አንዱን እየዘለልክ ብሳ፤ መሃላቸው የሚቀረው 1.4 ሚ.ሜ. ብቻ ስለሆነ መብሻው ወደ ቀደመው ቀዳዳ ይንሸራተታል። ከዚያ ዙሪያውን በ22 ሚ.ሜ. ገደማ ቁረጠው፤ ጥርሶቹ ራሳቸው ይወጣሉ፤ ጫፋቸውን ብቻ በሞረድ አሹል። ቀለም አትቀባው፤ ብረቱን እንዳለ ተወው፤ ከጥርሶቹ ሥርም ጥቂት ግራሶና የመንገድ አቧራ ቀላቅለህ በጥርስ መፈቅፈቂያ ጫፍ አስገባ።