ፒኤስ 4 እንደ ወፍጮ ቤት ሲጮህ፦ ጎሚስታ ቤት ከመውሰድህ በፊት ይህን አንብብ

ከደብረ ማርቆስ የጠየቅከው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፒኤስ 4ህ (ፕሌይስቴሽን 4 የጌም ማሽንህ) በበራ በአስር ደቂቃው ፋኑ ቤቱን እንደሚያናውጠው ጽፈሃል። ፊፋ መሃል ላይ «በጣም ሞቋል» ብሎ ይጠፋል። ከውጪ የሚገጠም ባለ ሁለት ፋን ማቀዝቀዣ ልግዛ ወይስ ልሽጠው ነው ያልከው። አትሽጠው። እኔም እዚሁ ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም ነኝ። ያንተው ዓይነት ማሽን ይዤ ያንተኑ መንገድ ሄጄበታለሁ። እኔ የከፈልኩትን አንተ እንዳትከፍል ነው የምጽፈው፤ ረዘመ ብለህ አትዝለለው።

ከሁሉ በፊት፣ ከላይ በአስተያየቶቹ ውስጥ አንድ ወንድም «በፎጣ ጠቅልለህ ግማሽ ሰዓት አብራው፣ ይስተካከላል» ብሎሃል። በፍጹም እንዳታደርገው! ይህ ምክር ከኤክስቦክስ 360 (የማይክሮሶፍት የድሮ የጌም ማሽን) ዘመን የቀረ ነው። ያ ማሽን ሦስት ቀይ መብራት እያበራ ይሞት ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዝሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቦለታል። ያኔ የጨነቀው ሰው በፎጣ እየጠቀለለ ያግለው ነበር። ለጥቂት ቀን ይነሳና ተመልሶ ይሞታል። ያንተ ማሽን ደግሞ «ሞቀኝ» እያለ እየነገረህ ነው፤ ብርድ ልብስ አትደርብበት።

1. ፋኑን አትውቀሰው። የሚጮኸው ሙቀቱ መውጫ ስላጣ ነው። በፒኤስ 4 አየር የሚገባው ግራና ቀኝ ባለው ቀጭን ክፍተት ነው። ፋኑ ያንን አየር ስቦ በብረት ማቀዝቀዣው ክንፎች (ስስ የብረት ንጣፎች) መሃል ይገፋዋል። ከዚያ ለማሽኑ ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍለው በፓወር ሰፕላዩ በኩል አልፎ ከኋላ ይወጣል። ፓወር ሰፕላዩ እንደ መጀመሪያው ኤክስቦክስ ዋን ውጪ የተንጠለጠለ አይደለም፣ እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው የሚግለው። ማሽኑ ሙቀቱን እየለካ ፋኑን ያፈጥነዋል። ፋቱ፣ ማለትም መጀመሪያ የወጣው ወፍራሙ ፒኤስ 4፣ ጌም ላይ ከ100 ዋት በላይ ይበላል። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል በእጅህ ነክተህ ታውቃለህ? እሱን ሳጥን ውስጥ ዘግተህ አስበው። ያንተም ፋቱ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ፣ በእኛ አካባቢ በእጅ የሚዞረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ስሊም (ቀጭኑ) ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያስመርርህም ነበር፤ የማሽኑ አንጎል የሆነው ቺፑ፣ ጥቃቅን ክፍሎቹ የሚሠሩበት ልክ ከ28 ናኖሜትር ወደ 16 ስለወረደ ብዙም አይግልም።

2. ከቡፌው አውጣው። ቡፌ ውስጥ እንደሆነም አልጠራጠርም። የእኛ ቤቱ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ባለ መስታወቱ በር ውስጥ ነበር፤ ከሠርግ አልበሙና ለእንግዳ ብቻ ከሚወጡት ብርጭቆዎች ጎን። እናቴ ደግሞ አቧራ እንዳይነካው ብላ ዳንቴል አልብሳዋለች። በእጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ነው፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ሮዝ አበባ አለው። ለእሷ ክብር መስጠቷ ነው፣ እንዴት ብዬ ላንሳው? አንድ ማታ ማሽኑ እየጮኸ ሳለ እጇን ይዤ ከኋላው የሚወጣው ትንፋሽ ላይ አደረግኩት። «ውይ ልጄ! ይኼማ የጋለ ምጣድ ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳንቴሉ የሚለብሰው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር አርቀው። ምንጣፍ ላይ አታስቀምጠው። ቡና የሚፈላው እዚያው ሳሎን ከሆነ ረከቦቱንና ማጨሻውን ራቅ አድርጉት። የእጣን ጭስ ይጣበቃል፤ በላዩ ያረፈውን አቧራ ይዞ ያስቀረዋል።

3. ባለ ሁለት ፋኑን ማቀዝቀዣ አትግዛ። እኔ ገዝቼዋለሁ። ኃይሉን የሚስበው ከራሱ ከማሽኑ ዩኤስቢ ነው። ውስጡ የተዘጋውን ክንፍ ከውጪ ሊከፍተው አይችልም። ያተረፍኩት ሌላ ጩኸት ነው።

4. ጎሚስታ ቤት አትውሰደው። በ2013 ዓ.ም መጋቢት ላይ ነው። የበጋው አቧራ የበረታበት ጊዜ ነበር። የእኛ ሰፈር መንገድ አስፋልት አልነበረም፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ቀይ አቧራ መስኮቱን ያለብሰዋል። ፋኑ ሲብስበት አንድ ጓደኛዬ «ጎሚስታ ወስደህ በኮምፕሬሰር አስነፋው፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው» አለኝ። በፌስታል ጠቅልዬ ወሰድኩት። ልጁ የጎማ መንፊያውን ቱቦ ከኋላው ደቀነበት። ከጎንና ጎኑ አቧራው ቡን ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ። ውስጥ ግን ፋኑ «ዊይይይ» እያለ ሲሽከረከር ይሰማኝ ነበር። ማሽኑ ራሱ እንደዚያ አድርጎ አዙሮት አያውቅም። ማቆም የነበረብኝ ያኔ ነው።

ማታ አበራሁት። ጩኸቱ ቀነስ ብሏል፣ ግን ሌላ ድምፅ መጥቷል። ጠጠር ቆርቆሮ ላይ ሲንከባለል የሚያሰማው ዓይነት፣ ቀር ቀር ቀር። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አልነሳ አለ። 12 ሺህ ብር፣ የሁለት ዓመት ቁጠባዬ፣ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ሳጥን ሆኖ ቀረ።

ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። የኮምፕሬሰር ጋን ውስጥ አየሩ ሲታመቅ ውሃ ይጠራቀማል። ያ ውሃ ከአየሩ ጋር እንደ ጉም ይወጣል፤ ከኋላ በኩል ሲነፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ፓወር ሰፕላዩን ነው። ፋንን ከልክ በላይ በአየር ስታሽከረክረው ደግሞ ኩሽኔታው ይጎዳል። በዚያ ላይ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ኤሌክትሪክ ወደ ዋናው ቦርድ (ማዘርቦርዱ) ሊመልስ ይችላል። የግድ በአየር መንፋት ካለብህ፣ ክዳኑን ከፍተህ ፋኑን በስንጥር እንጨት ወጥረህ ያዝ፣ ከዚያ በእጅ የሚጨመቅ መንፊያ ተጠቀም።

ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ይዤው ሄድኩ። የሱቁን ስም አልጠራም። ሰውዬው ከስልኩ ቀና ሳይል «አስቀምጠው» አለኝ። ሦስት ሳምንት ቆየ። ሦስት ጊዜ በሚኒባስ ተመላለስኩ። አንዴ «ዕቃ አልመጣም»፣ አንዴ «ነገ»፣ አንዴ ሱቁ ተዘግቷል። በመጨረሻ «ፋን ቀይሬልሃለሁ፣ ፓወሩን ሠርቻለሁ፣ ፔስቱንም ቀይሬ አጽድቼዋለሁ» ብሎ 1,800 ብር ጠየቀኝ። ፔስት የሚባለው ሙቀትን ከቺፑ ወደ ብረት ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት ነው። የተሠራውን ጽፈህ ደረሰኝ ስጠኝ ብለው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ካላመንክ ውሰደውና ሂድ» አለኝ። ዝም ብዬ ከፍዬ ወጣሁ። ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል።

ሁለት ሳምንት ሠራና ያው ጩኸት ተመለሰ። «ሞቋል» ብሎ ጠፋ። ያኔ ነው ራሴ ልክፈተው ያልኩት። ከዚህ በላይ ምን ሊመጣብኝ ነው?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ነጠላ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ፋኑ በእርግጥ ተቀይሯል። ከፋኑ ቀጥሎ ያሉት ክንፎች ግን አልተነኩም። አቧራው እንደ ባና ተጠቅጥቆ ክንፎቹን ዳር እስከ ዳር ደፍኗቸዋል። የእናቴን ወስፌ ተውሼ ከጫፉ ቀስ ብዬ ስፈለቅቀው እንደ ጨርቅ ቁራጭ አንድ ላይ ተቀርፎ ወጣ። የአውራ ጣቴ ጥፍር ያህል ይወፍራል። ኮምፕሬሰሩ ያወጣልኝ ላይ ላዩን ብቻ ነበር፤ ዋናውን ይባስ ጠቅጥቆት ኖሯል። ወረድ ብዬ ማዘርቦርዱን ሳነሳው ቺፑ ላይ ያለው ፔስት እንደ ደረቀ ኖራ ተሰነጣጥቋል። እጅ አልነካውም። ቺፑን ከማቀዝቀዣው ጋር አጥብቆ የሚይዘው ብረት ሁለት ብሎን ነው ያለው፤ አንደኛው የለም። ቺፑና ማቀዝቀዣው በአንድ ወገን እየተላቀቁ ምን ዓይነት ፔስት ይረዳዋል? 1,800 ብር የከፈልኩት ለዚህ ነበር።

አሮጌውን ፔስት በአልኮል አጸዳሁት። ፋርማሲ የምታገኘው 70 ፐርሰንቱ ውሃ አለበት፣ ስለዚህ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቅ። አዲሱን ፔስት የሽምብራ ግማሽ ያህል መሃል ላይ አድርግ፤ ሲበዛ አይጠቅምም። የጎደለውን ብሎን ከሞተ ላፕቶፕ ላይ ልኩን አገኘሁለት። ሁለቱን ብሎኖች ስታጠብቅ እያፈራረቅክ፣ ትንሽ ከዚህ ትንሽ ከዚያ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ።

ማታ ከፍቼ ፊፋ ጀመርኩ። ሁለት ግጥሚያ ከተጫወትን በኋላ እህቴ ከጓዳ ወጥታ «መብራት ጠፋ እንዴ? ማሽኑ አይሰማም እኮ» አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በእጄ ሥራ ኮርቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ የሰፈሬን ልጆች አራት ማሽን ከፍቼ አጽድቻለሁ። ከአራቱ በሦስቱ ውስጥ ያ የባና ቁራጭ ነበር። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ፣ የበጋው አቧራ ካበቃ በኋላ፣ የራሴን እከፍተዋለሁ።

ስለዚህ ስትከፍት፦ ከሶኬት ነቅለህ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆየው። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ብሎኖቹ ይለያያሉና እንደ ቅደም ተከተላቸው በጠርሙስ ክዳን ለያይተህ አስቀምጥ። ፓወር ሰፕላዩን ስታነሳ ከታች ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘው ገመድ አለ፤ አትጎትተው። የሲዲው ማጫወቻ ጠፍጣፋ ሪባን ደግሞ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን አትፍታው፣ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይይዛል። እጄ አይታመንም ካልክና ባለሙያ ጋ ከወሰድከው፣ ፊትህ ይክፈተው። አሮጌው ፔስት ሲጠረግ በዓይንህ እይ። «ነገ ና» ካለህ ማሽንህን ይዘህ ውጣ።

«ማርቆስ ብርድ ነው፣ እንዴት ይግላል?» የሚሉህንም አትስማቸው። እኔም ያንን ብዬ ነበር። ብርዱ ይረዳል፣ እውነት ነው። ግን ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ወለል ደረጃ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ ያንኑ ዙር ዞሮ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ከጮቄ ተራራ የሚመጣው ንፋስ ክፍልህን ያቀዘቅዘው ይሆናል፤ የተደፈነ ክንፍ ግን አይከፍትም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቶሎ ብለህ ከሶኬት ንቀለው። ቺፑ እንደጋለ ፋኑ ቆሟል ማለት ነው። መብራቱ ሲመለስ ወዲያው አታብራው፣ አስር ደቂቃ ስጠው።

ከታች «ፒኤስ 5ንስ ከፍቼ ላጽዳው?» ብሎ ለጠየቀው ልጅም፦ ያንተ ሌላ ነገር ነው። ቺፑ ላይ ያለው ተራ ፔስት ሳይሆን ፈሳሽ ብረት ነው። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አንዲት ጠብታ ቦርዱ ላይ ብትንጠባጠብ ልታቃጥለው ትችላለች። አንተ የጎን ሽፋኖቹን በእጅህ አውልቅ፤ አቧራ ማጠራቀሚያ ቀዳዳዎች ታያለህ፣ እነሱን በቫኪዩም መሳብ ይበቃሃል። ከዚያ አትለፍ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ያለው ደግሞ ዳንቴሉን ጨርሶ ይርሳው። 130 ሚሊ ሜትር የሆነው ፋኑ ሙቀቱን የሚያስወጣው በአናቱ ነው።

ወንድሜ፣ ከጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥር ጻፍልኝ፣ ሲ-ዩ-ኤች ብሎ ይጀምራል። የአከፋፈቱን ቅደም ተከተል በዚያው ልክ በፎቶ እልክልሃለሁ። መፍቻው ኮከብ ቅርጽ ያለው ቲ 8 ነው፤ ጫፉ መሃል ላይ ቀዳዳ ያለውን ፈልግ፣ ብሎኑ መሃል እሾህ ስላለው ተራው አይገባም። ማርቆስ ካጣኸው የእኔን በሚኒባስ ሹፌር እልክልሃለሁ፣ መናኸሪያ ወጥተህ ተቀበለው። ስትጨርስ ግን ቶሎ መልስልኝ፤ ከቡሬ አንድ ልጅ ለቅዳሜ ቀጥሮኛል።