ለልጅሽ የመጨረሻ ዓመት ወጪ

እህቴ፣ «ልጄ 12ኛ ክፍል ልትገባ ነው፤ ወጪውን ከየት ጀምሬ ላስበው?» ብለሽ ለጠየቅሽው። በትምህርት ቤት ክፍያው አትጀምሪ፤ እሱን አስቀድመሽ ታውቂዋለሽ። ኪስ የሚያራቁተው ትንንሹ ነው። የፈተና መመዝገቢያ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ፣ ትራንስክሪፕት፣ የምረቃ ጋዋን፣ ፎቶ፣ ጉዞ። አንድ በአንድ ሲታዩ ምንም አይመስሉም።

በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ ምንም አልጻፍኩም ነበር። በመጨረሻዎቹ 2 ወራት ሁሉም ባንዴ መጣብኝና ተበደርኩ። ለሁለተኛው ግን ዓመቱ ሳይጀመር ትምህርት ቤቱ ሄጄ ምን፣ መቼ እንደሚከፈል ጠየቅኩ። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ ወጪው፣ የመክፈያው ቀን፣ ግዴታ ነው ወይስ ውዴታ። ድምሩን ለቀሩት ወራት አካፍዬ ደሞዝ በገባ ቁጥር ለብቻው አስቀመጥኩ። ላልታሰበ ነገር ከ10 እጅ 1 እጅ ጨመርኩበት፤ እሱም አልተረፈም!

የማመልከቻ ቀን ካለፈ አለፈ ነው፤ ስለዚህ ቅድሚያ ለሱ። አቅም ለሌለው ክፍያውን የሚተዉ ተቋማትም ስላሉ ሳታፍሪ ጠይቂ። ጋዋኑን አምና ከተመረቀ ልጅ መዋስ ይቻል እንደሆነም እይ።

ደግሞ ልጅሽን አስቀምጠሽ ቁጥሩን አሳያት። «ያለን ይሄ ነው፤ ጉዞው ይሻልሻል ወይስ ቀሚሱ?» በያት። የኔው ልጅ ወረቀቱን ትንሽ አየት አድርጎ፣ እስክሪብቶ አንስቶ ጉዞውን ራሱ ሰረዘው።