ከሰጠው ይልቅ ያስረከበውን እዩ፦ ስለ ከተማ ምክር ቤት ተወዳዳሪዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በክልል ከተሞች ለከተማ፣ ለወረዳና ለቀበሌ ምክር ቤቶች ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ የተሰጠው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር። በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ምርጫ ተራዝሟል። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪ እንግዲህ በከተማው ምክር ቤት የሚወክለውን ሰው መርጦ አያውቅም። ጥያቄ የበዛውም ለዚህ ይመስለናል። ለብዙ ሰው ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠን እነሆ መልሰናል።

ለምክር ቤት እወዳደራለሁ የሚሉ ሰው በሰፈራችን አሉ። አሥራ አምስት ዓመት የቅሬ (የሰፈር እድር) ሰብሳቢ ሆነው ሕዝብ እንዳገለገሉ ይናገራሉ። እኔ ወደ ሰፈሩ የገባሁት በቅርቡ ነው፤ በምን ላጣራ? (ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

የዓመቱን ብዛት ለጊዜው ይተዉት። ሌላ ሰው ስለማይገኝ ብቻ ቅሬ አንድ ሰው ጫንቃ ላይ ተጭኖ ይከርማል። መዝገቡ እንዳይታይ ሲባል ወንበር የማይለቀቅበትም ጊዜ አለ። ሁለቱን የሚለየው ወረቀቱ ነው።

መጀመሪያ የርክክብ ቃለ ጉባኤ መኖሩን ይጠይቁ። ደህና ርክክብ ላይ የባንክ ሒሳቡ ቀሪ፣ በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብ፣ ያልተሰበሰበው መዋጮ በየአባሉ ስም፣ ያልተሠራበት ደረሰኝ ከቁጥር እስከ ቁጥር፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ሰሃኑ በቁጥር ተጽፎ አስረካቢም ተረካቢም ፈርመውበታል። “በእጄ የነበረውን ሁሉ አስረክቤያለሁ” የሚል አንድ መስመር ርክክብ አይባልም። ሰውየው እስከ ዛሬ ሰብሳቢ ከሆኑ ደግሞ ከቀድሞው ሰብሳቢ ምን እንደተረከቡና የመጨረሻው ሒሳብ መቼ ለጠቅላላ ጉባኤ እንደቀረበ ይጠይቁ።

ቀጥሎ የባንክ ደብተሩን ስም ይመልከቱ። በማኅበሩ ስም ተከፍቶ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በጋራ የሚፈርሙበት ከሆነ መልካም ነው። በሰብሳቢው የግል ስም ከሆነ ግን፣ አንዲት ሳንቲም ባትጎድል እንኳ፣ ሰውየው ድንገት ቢያርፉ የሐዘንተኛው ገንዘብ የውርስ ክርክር ይሆናል። ይህ ያላሳሰበው ሰው ምክር ቤት ገብቶ በጀት ሲቀርብለት ምን ብሎ ይጠይቃል?

የደረሰኙን ተከታታይ ቁጥርም አይለፉት። ከመካከል የዘለለ ቁጥር ካለ ቀሪው የት ገባ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ቅሬና እድር በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አይተዳደሩም፤ ተቆጣጣሪያቸው ደንባቸውና አባሉ ነው። አባል ካልሆኑ የቁጥጥር ኮሚቴውን ወይም ጎረቤትዎን ያነጋግሩ።

አንድ ነገር ግን ከወረቀቱም በላይ እንመዝናለን። መዋጮ የተጠራቀመበት ድሃ ቤት ሐዘን ሲገባ ምን ተደረገ? ውዝፉን ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ መቀነስ፣ ማራዘም ወይም ይቅር ማለት ይቻላል። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ለሁሉም እኩል ከሠራ ሰውየው በሕግ መዳኘት ያውቃሉ። ለዘመድ ይቅር ተብሎ ለቀን ሠራተኛው ድንኳን የተከለከለ ከሆነ፣ ነገ በምክር ቤትም ያው ነው። ይህን የሚነግርዎት ያንጊዜ ሐዘን የተቀመጠው ሰው ነውና እሱን ይጠይቁ።

አንድ ተወዳዳሪ ከነዋሪው ገንዘብ አሰባስበው ዲች (የጎርፍ መውረጃ ቦይ) እና ኮብልስቶን አሠርተዋል። መንገዱ ያምራል። ሥራው ደህና መሆኑን ባለሙያ ያልሆነ ሰው እንዴት ይለያል? (ከጦሳ ሥር፣ ደሴ)

ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ዲቹን ተከትለው እስከ መጨረሻው ይውረዱ። ከጦሳ ተራራ የሚመጣው ውሃ መድረሻው ቦርከና ወንዝ ነው። ዲቹ ከትልቅ መፋሰሻ ጋር ሳይገናኝ ከአንድ ቤት ጓሮ ላይ ካበቃ ጎርፉ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልተወገደም።

ከዚያ ወለሉን ይዩ። የደሴ ተዳፋት ብዙ ቦታ ልል አፈር ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብድና ይንሸራተታል። ወለሉ በድንጋይና በሲሚንቶ ያልታሰረ ወይም የተሰነጠቀ ዲች ውሃውን እያሰረገ ለተዳፋቱ ያጠጣዋል። እንዲህ ያለው ዲች ካለመኖሩ ይልቅ መኖሩ ያስፈራል። ቁልቁለቱ በበረታበት ቦታ ወለሉ በደረጃ መሠራት አለበት፤ አለዚያ ውሃው ፍጥነት ይዞ ግንቡን ከሥር ይቦረቡረዋል። ክዳኑም በየተወሰነ ርቀት የሚነሳ ይሁን። ጨርሶ የታሸገ ዲች ሊጠረግ አይችልም፤ በፕላስቲክና በደለል ተደፍኖ ይቀራል።

ኮብልስቶኑ ላይ ተረከዝዎን አሳርፈው ይራመዱ። ድንጋዩ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ፣ ከሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ፣ ከአሸዋው ሥር ደግሞ በሮለር የተጠቀጠቀ ሰሌክት (ተመርጦ የሚሞላ አፈር) ያስፈልገዋል። አንዳንዱ ድንጋይ ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ አሸዋው ሸሽቷል። ሰፋ ያለ ቦታ ሰርጉዶ ውሃ ካቆረ ግን ሰሌክቱ አልተጠቀጠቀም፣ ወይም የውሃ መስመር ሲቀበር አፈሩ ዝም ብሎ ተመልሷል። ዳርና ዳሩ በከርብ ስቶን (በጠርዝ ድንጋይ) ካልታሰረ ድንጋዩ በየክረምቱ ወደ ውጭ እየተገፋ ይበተናል። የመንገዱ መሃል ከዳሩ ከፍ ማለት አለበት።

ይህን ካዩ በኋላ ለተወዳዳሪው ሁለት ጥያቄ ይበቃል። የተዋጣው ገንዘብ፣ የገባው ሲሚንቶ በኩንታል፣ የተከፈለው የእጅ ዋጋ ተዘርዝሮ ለሰፈሩ ተለጥፏል ወይ? ዲቹን በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ የሚጠርገው ማን ነው? ለሁለተኛው መልስ ያላቸው ሰው ጥቂት ናቸው፤ ካገኙ ይያዟቸው።

አንድ ተወዳዳሪ የመብራት መቆራረጥን አስቆማለሁ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ወንዝ እንዳይገባ አደርጋለሁ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ አሠራለሁ ይላሉ። ይህ ሁሉ በከተማ ምክር ቤት እጅ ነው? (ከኮምቦልቻ)

በቀጥታ በእጁ ያለው የመጨረሻው ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ጎርፍ መውረጃ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ የገበያ ቦታ የከተማ ሥራ ናቸው፤ በጀታቸውም በምክር ቤቱ ይጸድቃል። የኤሌክትሪክ አገልግሎት የፌዴራል ተቋም ነው። ምክር ቤቱ ሊወተውት፣ ደብዳቤ ሊጽፍ፣ ኃላፊ ጠርቶ ሊያነጋግር ይችላል እንጂ ሊያዝ አይችልም። ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያገናኘው ዋና መንገድም እንደዚሁ የፌዴራል ነው።

የፍሳሹ ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። በኮምቦልቻ የፋብሪካ ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ጅረቶች በኩል ቦርከና እንደሚገባ በጥናት ተረጋግጧል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በፌዴራሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ሥር ነው፤ የብክለት ቁጥጥሩ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። ይሁንና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ጉዳቱ በቀጥታ ባይደርስበትም ማንም ሰው አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ለዚህ የምክር ቤት ወንበር አያስፈልግም። ስለዚህ ተወዳዳሪውን “እስካሁን አቤቱታ አስገብተዋል? የገቢ ቁጥሩ ስንት ነው?” ብለው ይጠይቋቸው። ወረቀቱን አውጥተው ካሳዩ ያ እውነተኛ የሕዝብ አገልግሎት ነው።

ለኢድም ለፋሲካም ለችግረኛ ዘይትና ዱቄት የሚያድሉ ሰው ሊወዳደሩ ነው። በጎ አድራጎት ነው ወይስ ድምፅ መግዛት? (ከሆጤ፣ ደሴ)

በስጦታ ድምፅ መግዛት በምርጫ ሕጉም በወንጀል ሕጉም የተከለከለ ነው። ወሎ ውስጥ ግን ሰው ሳይጠየቅ ያካፍላል፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለውን ወገን ደሴ ያበላችው በእንዲህ ዓይነት እጆች ነው። ያንን ያደረገውን ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ግፍ ነው። መለያው ጊዜውና አሰጣጡ ነው። ስጦታው የጀመረው የመወዳደር ወሬ ከተሰማ በኋላ ከሆነ፣ ከዘይቱ ጋር ፎቶ የሚነሳ ሰው ካለ፣ የተቀባዩ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ከተመዘገበ፣ ይጠንቀቁ። የተቸገረ ሰው ዘይቱን በመቀበሉ አይወቀስም፤ ድምፁም የራሱ እንደሆነ ይቀራል፤ የሚሰጠው ለብቻው፣ በምስጢር ነውና።

ከጁምዓ ወይም ከቅዳሴ በኋላ ተወዳዳሪን ማስተዋወቅ ይቻላል?

አይቻልም። በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን የምርጫ ቅስቀሳ ክልክል ነው። ሰውየው ለሰበካው ወይም ለመስጊዱ ያገለገሉ ቢሆኑም ያው ነው።

ሱቅ አለኝ፤ የሰፈራችን ሴቶች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። በግል ብወዳደር ምን ይጠበቅብኛል? (ከፒያሳ፣ ደሴ)

እሰይ እህቴ፣ ይወዳደሩ። ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 21 ዓመት መሙላት፣ በመራጭነት መመዝገብና የአካባቢውን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ያስፈልጋል። የግል ተወዳዳሪ የድጋፍ ፊርማ ያሰባስባል፤ ቁጥሩ እንደ ምክር ቤቱ ዓይነት ስለሚለያይ የመመዝገቢያው ቀን ሲታወጅ ከምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ቅጹን ሲወስዱ ያረጋግጡ። ፊርማ የሚወድቅባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲፈርም፣ የሌላ ምርጫ ክልል ነዋሪ ሲገባ፣ ባል ለሚስቱ ሲፈርምላት። ስለዚህ ከሚፈለገው በላይ ያሰባስቡ፤ እያንዳንዱን መስመር ከመታወቂያው ጋር ያመሳክሩ።

ቅስቀሳ ሳይጀምሩ የማኅበሩን ገንዘብ አስመርምረው ለሌላ ሰው ያስረክቡ፣ የርክክቡን ቅጂም ይያዙ። የአባላቱን ስልክ ለቅስቀሳ አይጠቀሙበት፤ የሰጡዎት ለሐዘንና ለደስታ ነው። ድምፅ ከሚሰጥበት ዕለት በፊት ባሉት 4 ቀናት ቅስቀሳ ስለማይፈቀድ በር ለበር የሚዞሩበትን ጊዜ ከወዲሁ ያስሉ።

ከተመረጡ በኋላ እንዴት እንከታተላቸው? (ከኮምቦልቻ)

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በጀቱ በጸደቀ ሰሞን ለሰፈርዎ የተያዘውን ሥራና የገንዘቡን ልክ ተወካይዎን ይጠይቁ፤ በጥር ወር ደግሞ እስከዚያ የወጣውን ይጠይቁ። በቃል ካልሆነ በጽሑፍ ያድርጉት። የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያስገድዳል። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገብተው፣ በእጅዎ የሚቀረው ላይ ቀኑንና ማኅተሙን ያስመቱ።