«አይንካሽ» ማለት ፍልስፍና ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ሰንጋተራ አካባቢ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። በቅርቡ ለእድገት ተወዳድሬ ነበር፣ ከኔ በኋላ የተቀጠረ ልጅ ወሰደው። ቤታችን ካዛንችስ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ከተማ ዳር ወጣን። አሁን ማታ ማታ ጊዜዬ የሚያልቀው ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ስቶይክ የሚሉት የጥንት ግሪክና ሮም ፍልስፍና ይዞታል። ብሶቴን ስነግረው በቴሌግራም የማርከስ ኦሬሊየስን ጥቅስ ይልክልኛል፤ «ከቁጥጥርሽ ውጪ ነው፣ አይንካሽ» ይለኛል። እናቴ ሰማችና «ይሄማ የኢዮብ ትዕግሥት ነው፣ ምኑ አዲስ ነው?» አለች። እኔ ግን መታገሥ ሰልችቶኛል። እውነት እነዚያ ሰዎች ለኔ የሚሉት ነገር አላቸው ወይስ «ዝም በይ» የሚለውን በሌላ ቋንቋ ነው የሚነግሩኝ?
ሰ.፣ ከሰንጋተራ

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ጥቅስ በመላኩ አልፈርድበትም። ቆርጦ መላኩ ግን ልክ አይደለም።

ማርከስ ኦሬሊየስ እ.ኤ.አ. ከ161 እስከ 180 ሮምን የገዛ ንጉሠ ነገሥት ነው። በዘመኑ ጦርነቱም ወረርሽኙም ነበረ። ማስታወሻውን የጻፈው ለራሱ ነው፣ ከፊሉንም በዳኑብ ወንዝ በኩል ሲዘምት። እዚያ ውስጥ በጣም የሚዘዋወር ቦታ አለ። ጠዋት ስትነሳ ለራስህ ንገረው፣ ዛሬ ነገረኛ፣ ውለታ ቢስ፣ ትዕቢተኛና ምቀኛ ያጋጥመኛል በል ይላል። ቲክቶክ ላይ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ እስከዚህ ያነብና ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ አለቀ። ጽሑፉ ግን ይቀጥላል። እነዚህ ሰዎች ዘመዶቼ ናቸው፣ እንደ ሁለት እጅና እንደ ሁለት እግር ተጋግዘን እንድንሠራ ነው የተፈጠርነው፣ ስለዚህ ልጠላቸው አልችልም ይላል። ማርከስ ጠዋት ጠዋት ራሱን የሚያዘጋጀው ከሰው ለመሸሽ አልነበረም። ሊያስተዳድራቸውና ሊዳኛቸው፣ አብሯቸው ሊውል ነው። ስቶይኮች ከአራቱ ዋና ምግባሮች አንዱ ፍትሕ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ጥበብ፣ ጀግንነትና ራስን መግዛት ናቸው። «አይንካሽ» ከአራቱ የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ጓደኛሽን ጠይቂልኝ።

መነካትንም ቢሆን አልካዱም። አውሉስ ጌሊየስ የሚባል ሮማዊ ጸሐፊ የነገረን አንድ ታሪክ አለ። ከግሪክ ወደ ኢጣሊያ በመርከብ ሲሻገሩ ኃይለኛ ማዕበል ተነሳ። አብሯቸው አንድ የታወቀ የስቶይክ መምህር ነበረና ጌሊየስ ፊቱን ቢያየው እንደ ማንም ሰው ገርጥቷል። ማዕበሉ ሲበርድ አንድ ሀብታም ተሳፋሪ «እኔ አልፈራሁም፣ አንተ ፈላስፋው ግን ገረጣህ» ብሎ ተረበው። ጌሊየስ ቆየት ብሎ በቁም ነገር ሲጠይቀው ግን መምህሩ ኤፒክቴተስ የሚባለውን የስቶይክ ፈላስፋ መጽሐፍ ከጓዙ አውጥቶ ሰጠው። የመጀመሪያው ድንጋጤ በማንም እጅ አይደለም፣ ጥበበኛም ይገረጣል፤ ልዩነቱ ከዚያ በኋላ «አዎ፣ አለቀልኝ» ብሎ ከፍርሃቱ ጋር መስማማትና አለመስማማቱ ላይ ነው የሚል ነበር መልሱ። ስለዚህ የእድገቱን ዝርዝር አይተሽ ሆድሽ ሲባባ ደካማ ስለሆንሽ አይደለም። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ «እኔ ድሮም ዕድለ ቢስ ነኝ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ብቅ ስትል ይዘሽ እውነት ናት ወይ ብለሽ መመርመር። አልበርት ኤሊስና አሮን ቤክ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዛሬ በየክሊኒኩ የሚሠራበትን የሥነ ልቦና ሕክምና ሲጀምሩ ከስቶይኮች እንደቀዱ ራሳቸው የተናገሩት ይህንኑ ነው።

ወደ «ቁጥጥር» እንምጣ። ይህን ነገር አጥብቆ ያስተማረው ኤፒክቴተስ ባሪያ ሆኖ ያደገ፣ እግሩም አንካሳ የነበረ ሰው ነው። በእጃችን ያለው ፍርዳችን፣ ፍላጎታችንና ተግባራችን ነው፤ ሀብት፣ ስምና ሹመት የኛ አይደሉም ይላል። ሰው እዚህ ላይ «እንግዲህ ምን ይደረግ» ብሎ ይቀመጣል። ተሳስቷል። ተግባር በእጅሽ ካለው ወገን መሆኑን ልብ በይ። ሮማዊው ጸሐፊ ሲሴሮ የስቶይኮችን ትምህርት ሲያስረዳ ቀስተኛ ያመጣል፤ ቀስተኛው ኢላማውን ለመምታት የሚችለውን ሁሉ ያደርጋል፣ መምታቱ ግን የሱ ብቻ አይደለም። ያንቺም እንደዚያ ነው። መመዘኛው ምን እንደነበረ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ውጤትሽን አስወጪ፣ ቅሬታሽን ቀኑ ሳያልፍ አስገቢ። ሌላው ሮማዊ ስቶይክ ሴኔካ የቁጣ ትልቁ መድኃኒት መዘግየት ነው ይላልና ደብዳቤውን በተናደድሽበት ማታ አትጻፊው እንጂ ጻፊው። ከዚያ መልሱ የነሱ ጉዳይ ነው። ዝም በይ የሚል ስቶይክ ካጋጠመሽ አልገባውም ማለት ነው።

ስለ ሰልፉ ደግሞ ኤፒክቴተስ ሜክሲኮ የቆመ ነው የሚመስለው። ገላህን ልትታጠብ ስትሄድ እዚያ የሚሆነውን አስቀድመህ አስብ፣ ውሃ የሚረጭ አለ፣ የሚገፋ አለ፣ የሚሳደብ አለ፣ የሚሰርቅ አለ ይላል። ስለዚህ መታጠብም እፈልጋለሁ፣ ልቤንም ማትረፍ እፈልጋለሁ በል ነው ምክሩ። ታክሲም መሳፈር ትፈልጊያለሽ፣ ልብሽንም ይዘሽ ቤት መግባት ትፈልጊያለሽ። ወረፋ ሰብሮ ለሚገባው ግን «ሰልፉ ከዚያ ነው ወንድሜ» ማለት ይቻላል፣ ማንም አልከለከለም።

ካዛንችስ ላይ ግን ከነሱ ጋር አልስማማም። ስቶይኮች ቤትንም ጤናንም ቢኖሩ የሚመረጡ፣ ቢጠፉ ግን ሕይወትን የማያበላሹ ነገሮች ብለው ነው የሚመድቧቸው። ለግድግዳው እሺ። እድሩስ? ቡና ተጠራርታችሁ የጠጣችሁት ጎረቤትስ? ሰው ለመተጋገዝ ነው የተፈጠረው ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ የሚተጋገዘው ሰፈር ሲበተን ቀለል አድርገው ማለፋቸው አይዋጥልኝም። ለዚህኛው ጥቅስ አያስፈልግሽም፣ አልቅሺ፤ እሑድ እሑድም የድሮ ጎረቤቶችሽን ፈልጊ።

እናትሽን ሰላም በይልኝ። ኢዮብ ግን ዝም ብሎ የቻለ ሰው አይደለም፤ መጽሐፉን ብታዩት አብዛኛው ክርክር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሴኔካ ድህነትን እያመሰገነ በሀብት ሲንደላቀቅ የኖረ ሰውዬ ነው አሉኝ። ታዲያ ምን አስነበበኝ? ባነብስ ከየት ልጀምር?
የስድስት ኪሎ ተማሪ

መልስ፦ ያሉህ እውነት ነው። ሴኔካ በጣም ሀብታም ነበር፣ የሮም ንጉሠ ነገሥት የኔሮ አስተማሪና አማካሪም ነበር፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ65 በዚያው በኔሮ ትእዛዝ ራሱን ገደለ። በዘመኑም ይህንኑ ይሉት ነበር። የሰጠው መልስ ደስ ይለኛል፤ እኔ ጥበበኛ አይደለሁም፣ የምናገረው ስለ ምግባር እንጂ ስለ ራሴ አይደለም፣ ክፋትን ስሰድብም መጀመሪያ የምሰድበው የራሴን ነው ይላል። እና ስለ ቁጣ የጻፈውን አንብብ፣ ኑሮውን አትቅዳ።

ጅምሩን ግን በኤፒክቴተስ አድርገው። እሱ ራሱ የጻፈው ነገር የለም፣ ተማሪው አርያን ነው ቃሉን የያዘለት። «ኤንኪሪዲዮን» የምትባለው ትንሿ መጽሐፍ በአንድ ከሰዓት ታልቃለች፣ ቀስ ብለህ ድገማት። የግሪክ ፈላስፎች አባባል ለኛ ሰው አዲስ እንዳይመስልህ ደግሞ፣ መጽሐፈ ፈላስፋ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተተርጉሟል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ለዓመታት አጥንተውታል። አንተ ደግሞ እዚያው ግቢ ነህ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሳይዘጋ ሂድና ጠይቅ።