የጓሮ ጋራዥን ቤት ከማድረግሽ በፊት ማን እንደሚኖርበት አስቢ

እህታችን የጠየቀችው ይህን ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ1948 የተሠራ ቤት አላት። እናቷ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው። ከጓሮ ያለውን የሁለት መኪና ጋራዥ ለእናቷ መኖሪያ ልታደርገው፣ እሳቸው አገር ቤት ሲመለሱ ደግሞ ልታከራየው አስባለች። አንዱ ዘመድ «የመኪና ማቆሚያ ስለሚጠፋ ሲቲው አይፈቅድም» አላት። ሌላው «ፈቃድ ምን ያደርግልሻል፣ ዝም ብለሽ ሥሪው» አላት።

እህቴ፣ እኛም ጋራዣችንን ቤት አድርገን አሁን እያከራየነው ስለሆነ የማውቀውን ልጻፍልሽ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ልብሽ ይረፍ፤ ይፈቀዳል። የካሊፎርኒያ ሕግ ከ2017 ጀምሮ እየላላ መጥቶ በ2020 በደንብ ተከፍቷል። ጋራዡን ባለበት ቦታ ወደ ቤት ስትቀይሪ «ለጎረቤት አጥር ቀርቧል» ተብለሽ አትከለከይም። የጠፋውን ማቆሚያ ተኪ ብለውም አያስገድዱሽም። አዲስ ከመሬት ብትሠሪ ግን ከጎንና ከኋላ ወሰን 4 ጫማ መራቅ ሊጠየቅ ይችላል። ማመልከቻሽ ተሟልቶ ከገባ ሲቲው በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ከ750 ስኩዌር ፊት በታች ከሆነ ደግሞ አዲስ ቤት በከተማው አገልግሎት ላይ ለሚጨምረው ጫና የሚጠየቀው፣ ኢምፓክት ፊ የሚባለው ክፍያ የለም። የሁለት መኪና ጋራዥ 400 ገደማ ስለሆነ በዚህ አታስቢ። «ባለቤቱ ግቢው ውስጥ ካልኖረ ማከራየት አይችልም» የሚባለውም ለኤዲዩ (እንዲህ በግቢ ውስጥ ለሚጨመር ሁለተኛ ቤት) ቀርቷል፤ ከ2024 ጀምሮ በቋሚነት ተነሥቷል።

አንድ ነገር ግን ቀድመሽ አጣሪ። የፖስታ አድራሻሽ ሎስ አንጀለስ ስላለ ብቻ ቤትሽ በከተማው ሥር ነው ማለት አይደለም። ካውንቲው (ከከተማው የሚሰፋው የአካባቢ አስተዳደር) በቀጥታ የሚያስተዳድራቸው ሰፈሮች አሉ። ኢንግልዉድና ከልቨር ሲቲም ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ናቸው። ዚማስ የሚባለው የከተማው ካርታ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። አድራሻሽን አስገቢና እዪ። ከዚህ በታች ስለ ኪራይ የምጽፈው ለከተማው ነው።

ያለ ፈቃድ ሥሪው ያለሽን ሰው እባክሽ አትስሚው። ፈቃድ በሌለው ቤት ተከራይ አስገብተሽ ኪራይ ቢያቋርጥብሽ፣ ፍርድ ቤት ሄደሽ ያልተከፈለውን ማስከፈል አትችይም። ውሉ ሕገ ወጥ ነው ይባላል። ሲቲው ቤቱን ዝጊ ካለሽ ተከራዩን የማዘዋወሪያው ወጪም ባንቺ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እሳት ቢነሣ ኢንሹራንሱ ምን እንደሚል ደግሞ መገመት አያቅትሽም። እናትሽን እዚያ አስተኝተሽ እንቅልፍ አይወስድሽም። ከ2020 በፊት ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ያላችሁ አባላት ግን ተስፋ አትቁረጡ፤ ከ2025 ጀምሮ የሚሠራ፣ እንዲህ ያሉትን ቤቶች ሕጋዊ ማድረግን የሚያቀል የክልል ሕግ አለ።

ስለ ሥራው ሁለት ነገር ልንገርሽ፤ የኮንትራክተር ዋጋ የሚንረው እዚህ ላይ ነውና። አንደኛው የጋራዡ በር የነበረበት ቦታ ነው። ግድግዳ አቁሞ መድፈን ብቻ መስሎን ነበር፤ ኢንስፔክተሩ ግን ከሥሩ መሠረት የለም አለ። ሲሚንቶው ተቆርጦ፣ ተቆፍሮ፣ ብረት ገብቶ እንደገና ተሞላ። ሁለተኛው የፍሳሽ መስመር ነው። ቱቦው በየአንድ ጫማው ሩብ ኢንች መውረድ አለበት። ጋራዥሽ ከዋናው መስመር ዝቅ ያለ ከሆነ ፓምፕ ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመስማማትሽ በፊት ቧንቧ ሠራተኛ አምጥተሽ አስለኪው። የቤትሽ የመብራት ፓነልም የድሮው 100 አምፕ ከሆነ ማሳደግ ይመጣል። ለእናትሽ ደግሞ ሻወሩን ያለ ደፍ አሠሪላቸው። ኩሽናው ጋ የሚከፈት መስኮት ይኑር፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ግዴታ ስለሆነ ቡና በተቆላ ቁጥር መጮሁ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መሥራቱ ቀላል ሆኗል፤ ማከራየቱ ግን የራሱ ሕግ አለው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ፈቃድ ነው፤ ስለዚህኛው የሚያነሣ የለም።

የአንቺ ቤት የ1948 ነው። በከተማው ሕግ ከኦክቶበር 1 ቀን 1978 በፊት የተሠራ የኪራይ ቤት የጭማሪ ገደብ አለበት። ብቻውን የቆመ የአንድ ቤተሰብ ቤት ከዚህ ነፃ ነው። ነገር ግን በአንድ ቦታ ላይ ሁለት መኖሪያ ሲኖር ያ ነፃነት ይቀራል። አዲሱ የጓሮ ቤት ራሱ በዚህ ገደብ ሥር አይገባም፤ የድሮው የፊት ቤትሽ ግን ይገባል። አንቺ ስትኖሪበት ምንም አይነካሽም። ነገ ሌላ ቤት ገዝተሽ ይህንን ላከራይ ስትይ ግን ኪራዩን በየዓመቱ የምትጨምሪው ከተማው በወሰነው ልክ ብቻ ነው። ክፉ ሕግ ነው ማለቴ አይደለም። በእሱ ምክንያት ከቤታቸው ሳይፈናቀሉ የኖሩ የእኛ ሰዎች አውቃለሁ። አንቺ ግን አስቀድመሽ ማወቅ አለብሽ።

ሁለተኛው የእናትሽ ጉዳይ ነው። የእኛ እናቶች አንድ ቦታ አይቀመጡም። ስድስት ወር እዚህ፣ ዓመት አገር ቤት፣ ከዚያ ደግሞ የልጅ ልጅ ሲወለድ ይመለሳሉ። «ሲሄዱ አከራየዋለሁ፣ ሲመጡ አስለቅቀዋለሁ» የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም። ከ2023 ጀምሮ ከተማው ያለ በቂ ምክንያት ማስወጣትን ከልክሏል። ጥበቃው የመጀመሪያው ውል ሲያልቅ ወይም ስድስት ወር ሲሞላ፣ በቀደመው ይጀምራል። ወላጅን ማስገባት ሕጋዊ ምክንያት ነው፤ ግን ለቤቶች መሥሪያ ቤት ታስመዘግቢያለሽ፣ ለተከራዩም የመዘዋወሪያ ገንዘብ ትከፍያለሽ። ስለዚህ እናትሽ ይመላለሳሉ ብለሽ ካሰብሽ፣ ባይከራይም የቤቱን ዕዳ መክፈል እንደምትችይ አስልተሽ ግቢ። ብድር ወስደሽ የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ ይህን ስሌት ሳትጨርሺ ምንም አትፈርሚ።

ኤርቢኤንቢ አደርገዋለሁ ብለሽ እንዳታስቢ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከ2017 ወዲህ ፈቃድ የወጣበት ኤዲዩ፣ አንቺው ራስሽ የምትኖሪበት ካልሆነ በቀር፣ ለአጭር ጊዜ አይከራይም። ከተከራይ የምትቀበዪው ማስያዣም እንደ ድሮው አይደለም። ከጁላይ 2024 ጀምሮ በመሠረቱ የአንድ ወር ኪራይ ነው፤ ትንሽ አከራይ ለሆነ ሰው እስከ ሁለት ወር ይፈቀዳል። ሴክሽን ኤይት (የመንግሥት የኪራይ ድጎማ) ያለውን አመልካች በዚያ ምክንያት ብቻ አልቀበልም ማለትም ክልክል ነው።

የቤት ግብሩ የምትፈሪውን ያህል አይደለም። ፕሮፖዚሽን 13 በሚባለው የካሊፎርኒያ የቤት ግብር ሕግ መሠረት የሚገመተው አዲስ የተጨመረው ሥራ ብቻ ነው። የድሮው ቤትሽ ግምት እንዳለ ይቆያል።

ዚማስን ካየሽ በኋላ ቤቱ በከተማው ሥር መሆኑን፣ የጋራዡን ልክና የፍሳሽ መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ እዚህ ጻፊልኝ። ኮንትራክተር ከመፈለግሽ በፊት ንድፉን አብረን እናየዋለን። ሲቲው አስቀድሞ ያጸደቃቸው ንድፎች አሉ፤ እነሱ ግን ለአዲስ ግንባታ እንጂ ለጋራዥ ቅየራ ስላልሆኑ በእነሱ ጊዜሽን አታጥፊ።